ቦርከናን በግንብ ማሰር፦ ከሚሲሲፒና ከአዋሽ ምን እንማራለን?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ክረምት በገባ ቁጥር ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ቦርከና ከነገባሮቹ ሲሞላ ዳርቻውን እየናደ ወደ ሰፈር ስለሚገባ ግራና ቀኙ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሣጥን) ይታጠር፣ ጠመዝማዛው ይቃና፣ ደለሉ በኤክስካቫተር ተዝቆ ይውጣ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጎርፍ ደጁ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቤቱ ነው። ሆኖም ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ወንዝን የማሰር ሥራ በተጠናቀቀበት ዓመት የሚታየው ውጤት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከሚታየው ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይገናኝ ነው። ወንዝ ከውሃው ጋር አፈር ይሸከማል። ውሃውን ብቻ አስቦ የተሠራ ግንብም ሆነ ግድብ፣ አፈሩ የት እንደሚወድቅ ሳይወስን የተጠናቀቀ ሥራ ነው። ወሳኙ በኋላ ወንዙ ራሱ ይሆናል።

ረጅም ታሪክ ካለው ወንዝ ልጀምር። የአሜሪካው ሚሲሲፒ 3,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከአገሪቱ ዋና ምድር ከመቶ 40 የሚሆነውን ያፋስሳል። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች እስከ እ.ኤ.አ. 1927 ድረስ የተከተሉት መርሕ በዳርቻው ላይ የአፈር ግንብ ማሳደግ ብቻውን በቂ ነው የሚል ነበር፤ በጠባብ የታሰረ ወንዝ ፈጥኖ ስለሚፈስ ወለሉን ራሱ ይጠርጋል ተብሎ ይታመን ነበር። በዚያው ዓመት የመጣው ጎርፍ ግንቡን በየቦታው በጣጠሰው፤ 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በውሃ ተዋጠ፣ ከ600,000 በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ከዚያ በኋላ በግንቡ ላይ ማስተንፈሻዎች (ትርፍ ውሃ ወደ ጎን የሚለቀቅባቸው በሮች) ተጨመሩ፤ ከኒው ኦርሊንስ በላይ ያለው የቦኔ ካሬ ማስተንፈሻ እ.ኤ.አ. በ1931 ተጠናቀቀ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ደግሞ ጠመዝማዛዎቹ እየተቆረጡ የታችኛው ወንዝ በ240 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያጥር ተደረገ።

በዚህ ሥራ ከተማና እርሻ ድኗል፤ መካድ አይቻልም። ዕዳው የመጣው በሌላ በር ነው። ወንዙ ባሕር የሚገባበት የሉዊዚያና ግዛት ጠረፍ የተፈጠረው ወንዙ በሺህ ዓመታት ውስጥ እየሞላ ከጣለው ደለል ነው። ያ ለስላሳ መሬት በራሱ ክብደት እየተጨመቀ ስለሚሰጥም በላዩ አዲስ ደለል ካልተጨመረ ባሕሩ ይረከበዋል። ግንቡ ወንዙን ከዳርቻው እንዳይወጣ ሲከለክለው፣ ደለሉ ረግረጉን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ጥልቁ ባሕር ይወርድ ጀመር። በላይኛው በኩል በሚዙሪ ወንዝ ላይ የተሠሩት ትላልቅ ግድቦች ደግሞ የደለሉን ምንጭ ራሱን ስለያዙት፣ ዛሬ ጠረፉ የሚደርሰው ከቀድሞው ከግማሽ በታች ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ ሉዊዚያና 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት አጥታለች። የነዳጅ ድርጅቶች በረግረጉ ውስጥ የቆፈሯቸው ቦዮችም ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም በግንቡ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚሲሲፒ እንደማንኛውም ደለል ጣይ ወንዝ ከጊዜ ወደ ጊዜ አልጋውን ይቀይራል። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ አጭርና ቁልቁል ወደሆነው ወደ አቻፋላያ ወንዝ ለመግባት ተቃርቦ ነበር፤ ያ ቢሆን ኒው ኦርሊንስና የወደብ ኢንዱስትሪዋ በደረቅ አልጋ ዳር ይቀሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ የጀመረ መቆጣጠሪያ ከውሃው 30 በመቶው ብቻ ወደ አቻፋላያ እንዲሄድ ያስገድዳል። በ1973ቱ ጎርፍ ይህ መቆጣጠሪያ ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊወድቅ ተቃርቦ በጥድፊያ በተጣለ ድንጋይ ተረፈ። እስከ ዛሬም ድረስ ያለ ማቋረጥ ይጠበቃል፤ ጥበቃው የሚያበቃበት ቀን የለም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ቢታጠርና ቢቃና ከታች ያለው ሐርቡ ምን ይደርስበታል? የጨፋ ረግረግስ? ከዚያ በታች ያለው አዋሽስ? የምታውቁ አስተያየት ስጡበት።

የቦርከና ጎረቤት (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ ጽሑፍዎ ትምህርት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከደሴ ሆኖ ስለ ኮምቦልቻ ጎርፍ መጻፍና እኩለ ሌሊት ላይ ልጆችን ከአልጋ አንስቶ ወደ ጎረቤት ፎቅ መውጣት አንድ አይደሉም። እኛ የምንጠይቀው የወንዙን ባሕርይ ለመለወጥ አይደለም፤ ዳርቻው እንዳይናድ ብቻ ነው። እኔ ባለሁበት አካባቢ የወንዙ ጠርዝ በየዓመቱ እየተበላ የአትክልት ማሳዎችን ጨርሶ ወደ አጥሮቻችን ተጠግቷል። ጎርፉም የሚመጣው ከእናንተ ነው፤ ከደሴ ቁልቁል የሚወርደው የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ድልድያችን ሥር ተጠቅጥቆ ውሃውን ወደ ሰፈር ይገፋዋል። ለሉዊዚያና ረግረግ ከማዘን በፊት የራስን ቆሻሻ መሰብሰብ ይቀድማል።

ጦሳ ሥር

እህቴ፣ ስለ ቆሻሻው የተናገሩት እውነት ነው፤ የምሟገትበት ምክንያት የለኝም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በጠባብ ሥፍራ የተሠራች ከተማ ናት። ከየጣሪያውና ከየአስፋልቱ የሚወርደው ውሃ የሚሰርግበት መሬት እያጣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦርከና ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል አልፎ እናንተ ጋ ሲደርስ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዷል። እንዲህ ዓይነት ፍጥነት ይዞ የመጣ ውሃ ሜዳ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የተሸከመውን ድንጋይና አሸዋ መጣል ነው። የኮምቦልቻ ሜዳ የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ «ግንቡ ይቅር» የሚል ሳይሆን፣ ወንዙ እዚያ ላይ ይጥለው የነበረው አፈር ወዴት ይሂድ የሚል ነው።

መልካ ወረር የነበርኩ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከሚሲሲፒ ይልቅ የራሳችን ወንዝ ቅርብ ነው ብዬ ጥቂት ልበል። በወጣትነቴ በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ሥራ ተቀጥሬ ነበርና በዓይኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ሳይነካ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉ፤ ባሕር የማይገባ ወንዝ ጨውን የሚያራግፍበት ቦታ የለውም፤ ያመጣው ሁሉ እዚያው ተፋሰሱ ውስጥ ይቀራል። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቀቀ፤ ገንዘቡ ጣሊያን ከከፈለችው የጦርነት ካሣ የመጣ ነበር። ግድቡ 43 ሜጋ ዋት መብራት ይሰጣል፤ ለእኛ ለታችኞቹ ትልቁ ነገር ግን የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ መልቀቁ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲገኝ ሰፋፊ እርሻ ተከተለ፤ መተሐራ፣ አሚባራ፣ ተንዳሆ። ሸንኮራ፣ ጥጥ፣ ሙዝ።

በአሚባራ፣ መልካ ሰዲ ላይ ሙዙ ያማረ ነበር። ውሃ በብዛት ስላለ በብዛት እናጠጣ ነበር፤ ማፋሰሻ ቦይ ግን ከማጠጫው ቦይ ጋር እኩል አልተሠራም። የተረፈው ውሃ ወደ ታች እየሰረገ፣ ጥልቅ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ወጣ። ከላይኛው አፈር ሲቃረብ ፀሐይ ትስበው ጀመር፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ይቀራል። መጀመሪያ ያየነው ምልክት ሰውን የሚያሳስት ነበር። በማለዳ በማሳው መካከል ጠቆር ያለ፣ ርጥበት ያለው የሚመስል ቦታ ይታያል፤ ለም መሬት ነው ብለን ደስ ይለን ነበር። ረፋዱ ላይ ያው ቦታ እንደ ዱቄት ነጭ ይሆናል። ጨዉ ሌሊት ከአየሩ ርጥበት ስለሚስብ ነው ጠዋት የሚጠቁረው። በትልሙ ጀርባ ላይ ቅርፊት ይጋገራል፤ በጫማ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ሙዝ ጨው አይችልም፤ ቅጠሉ ከጠርዙ እየተቃጠለ አስቀድሞ የሞተው እሱ ነው። ጥጥ ቻል አድርጎ ቆየ፣ በኋላ እሱም ሰለለ። ከአሚባራ እርሻ ሰፊው ክፍል በዚህ ምክንያት ጠፍ ሆኖ ቀረ።

በኋላ ከመሬት በታች ማፋሰሻ ቱቦ ተቀበረ። በደንብ በሠራባቸው ማሳዎች ጨዉ ታጠበ፤ መሬቱ ዳነ። የታጠበው ጨው ታዲያ የት ሄደ? ተመልሶ አዋሽ ውስጥ፣ ወደ ገዋኔና ወደ አሳይታ። የላይኛው ሲድን የታችኛው ይታመማል።

ሦስተኛው ነገር ግጦሹ ነው። ከግድቡ በፊት አዋሽ በየክረምቱ እየተኛ የሚያርሰው ሜዳ የአፋር አርብቶ አደር የበጋ መጠጊያ ነበር፤ ሌላው ምድር ሲደርቅ እዚያ ሣር አለ። እርሻው የያዘው ያንኑ ምርጥ ምርጡን መሬት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ ከብቱ መሄጃ አጣ። ያኔ አውሳ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበረ፣ ያን ጊዜ በደሴ መንገድ ላይ የነበርን ሰዎች ከቆላ የወጡትን አፋሮች አይተናል፤ ረሃቡን ያመጣው ዝናብ ማነስ ብቻ አልነበረም። እርሻው የተወው ጠፍ መሬት ደግሞ ወደ ግጦሽ አልተመለሰም። ለነፋስ መከላከያና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ ወረሰው፤ ፍሬውን ከብት በልቶ በፋንድያው ይዘራዋል፣ ጎርፍም ያጓጉዘዋል።

ኢንጅነር ከኮምቦልቻ

ጋሼ መልካ ወረር የጻፉት በመስክ ያየ ሰው ምስክርነት ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ። በሙያዬ የውሃ መሐንዲስ ነኝና ሁለት ነገር ላስተካክል፣ አንድ ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ በእነዚህ ውይይቶች ውስጥ ግድብ ሁሉ ጥፋት ተደርጎ እንዳይቆጠር እፈራለሁ። ቆቃ ለአሥርት ዓመታት ጎርፍን አላልቷል፣ በግርጌው የተተከሉት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ጣቢያዎችም ከእሱ በሚለቀቀው ውሃ ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የነበረ ሲሆን ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተስፋፍቶ የመኪናና የባቡር መንገዱን አስነስቷል፣ እርሻም ውጧል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በመስኖው ላይ ይጭናል። የመስኖ ትርፍ ውሃ ድርሻ አለው፤ ከከርሰ ምድር የሚገባው ፍል ውሃና የስምጥ ሸለቆው እንቅስቃሴም በባለሙያዎች ዘንድ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ይህን ለይቶ ማየት ለመፍትሔው ይጠቅማል። ጨዋማው የበሰቃ ውሃ እንዳይበዛ ሲባል በቦይ ወደ አዋሽ እንደሚለቀቅም ልብ ይሏል፤ ጋሼ እንዳሉት ችግሩ ወደ ታች ይሸጋገራል።

የምጨምረው ስለ ደለል ነው፤ ጦሳ ሥር ያነሳው ነጥብ በእኛ ተራሮች ሲታይ ከሚሲሲፒ ይልቅ ከቻይናው ቢጫ ወንዝ ጋር ይቀራረባል። ቢጫ ወንዝ በቀላሉ ከሚታጠብ ደጋ የሚወርድ፣ በደለል ብዛት የታወቀ ወንዝ ነው። በሺህ ዓመታት ግንብ ሲታሰር ከርሞ ደለሉን በሁለቱ ግንቦች መካከል ስለጣለ፣ በካይፈንግ ከተማ አጠገብ አልጋው ከአካባቢው ሜዳ በብዙ ሜትር ከፍ ብሏል። ግንቡ በተጣሰ ቁጥር ጥፋቱ ከባድ የሚሆነው ውሃው ወደ ወንዙ የሚመለስበት ቁልቁለት ስለሌለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የሳንመንሺያ ግድብ ሥራ ጀመረ። ሁዋንግ ዋንሊ የተባሉት የውሃ መሐንዲስ ደለሉ ግድቡን እንደሚሞላው አስቀድመው ተከራክረው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደለሉ ወደ ኋላ ተኝቶ የገባሩን የዌይ ወንዝን አልጋ ከፍ አደረገው፤ ሺአን ከተማም በጎርፍ ስጋት ውስጥ ወደቀች። በመጨረሻ ግድቡ ተበስቶ፣ በጎርፍ ወቅት ጭቃማውን ውሃ እንዲለቅ፣ ንጹሑን ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ እንደ አዲስ ተስተካከለ፤ የሚያመነጨው ኃይልም ከታቀደው እጅግ አነሰ።

ቆቃም በደለል እየተሞላ ከመጀመሪያው የመያዝ አቅሙ ትልቅ ድርሻ አጥቷል። ከእኛ በታች ያለው ደግሞ የተንዳሆ ግድብ ነው። ከሐይቅ አካባቢ የሚነሳው ሚሌም፣ የእኛው ቦርከናም ከተንዳሆ በላይ ነው አዋሽ የሚገቡት። ከጦሳ ጎን የታጠበ አፈር የመጨረሻ ማረፊያው የት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የጨፋ ልጅ (ከሚሴ)

ኢንጅነር በመጨረሻው አረፍተ ነገር አንድ ጣቢያ ዘለውብናል። በኮምቦልቻና በአዋሽ መካከል እኛ አለን። ቦርከና ሐርቡን አልፎ ጨፋ ሲገባ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ውሃው በደንገሉና በሣሩ ውስጥ ይበተናል፣ አፈሩን እዚያ ይጥላል። ከረግረጉ በታች የሚወጣው ውሃ ከገባው ይልቅ እንደሚጠራ በዓይን የሚታይ ነው። በበጋ ወራት ከአፋርም ከአካባቢያችንም በርካታ ሺህ ከብት የሚሰማራው በዚህ ረግረግ ላይ ነው። ማንም መሐንዲስ ሳይነድፈው ደለል የሚይዝ፣ ጎርፍ የሚያላላ፣ ግጦሽ የሚሰጥ ሥራ ነበር።

ነበር የምለው ስለቀነሰ ነው። ዳር ዳሩ ለእርሻ እየተቆፈረ ውሃው በቦይ ይጠፈፋል። አንድ ገበሬ ማሳውን ለማድረቅ ቦይ ሲያወጣ ውሃው ወደ ጎረቤቱ ስለሚሄድ ጎረቤቱም ያወጣል፤ እንዲህ እያለ ረግረጉ በመካከል ጠብቧል። በዚህ ላይ ኮምቦልቻ ቦርከናን ቀጥ አድርጋ፣ በጋቢዮን አጥራ ብትለቅብን፣ ውሃው ፈጥኖ፣ አፈር ተሸክሞ፣ ከፋብሪካና ከከተማ የሚወጣውንም ጨምሮ ነው የሚደርስብን። የእናንተ ሰፈር ሲድን የእኛ ማሳ በአሸዋ ይቀበራል። የዚህ ውሳኔ ስብሰባ ኮምቦልቻ ላይ ብቻ ሲደረግ ያስቀየመኛል።

የቦርከና ጎረቤት

የጨፋ ልጅ ወንድሜ፣ አትቀየም፤ እኛም የአንተን ማሳ ለመቅበር አንመኝም። ነገር ግን ሁላችሁም የምትናገሩት ስለማይደረገው ነገር ነው። የሚደረገውን ማን ይንገረኝ? አንድ ክረምት መጠበቅ የማይችል ቤት አለ።

የሃይድሮሊክስ ተማሪ (ኮምቦልቻ)

እትዬ፣ በትምህርቴ ካገኘሁት አንድ ምሳሌ ላካፍልዎ። ኔዘርላንድ ወንዝን በግንብ በማሰር ረጅም ልምድ ያላት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1995 ወንዞቿ ሞልተው ግንቡን ሊያልፉ ሲቃረቡ፣ በሁለተኛው ጊዜ ከ200,000 በላይ ሰው ለጥንቃቄ ከቤቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግንቡን ከፍ ከማድረግ ይልቅ በሠላሳ በሚያህሉ ቦታዎች ለወንዙ ሥፍራ የመልቀቅ ሥራ ተሠራ። በናይሜኸን ከተማ በዋል ወንዝ ዳር የነበረው ግንብ 350 ሜትር ወደ ውስጥ ተገፍቶ እንደገና ተሠራ፣ ለወንዙም ሁለተኛ አልጋ ተቆፈረለት። ሃምሳ ያህል ቤቶች ፈርሰዋል፤ ባለቤቶቹ ካሣ ተከፍሏቸዋል፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። ዛሬ ሁለተኛው አልጋ በሌላው ጊዜ መናፈሻ ነው።

መጠየቅ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። ኢንጅነር፣ ቦርከና ላይ ጠመዝማዛውን ብናቃና ወለሉ ይጠረጋል ወይስ ይሞላል? በመጽሐፍ ሁለቱም አሉ።

ኢንጅነር ከኮምቦልቻ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ቦታቸው ይለያያል። ወንዙ ሲያጥር ቁልቁለቱ ይጨምራል። ከተቃናው ክፍል በላይ ያለው ወለል መቆፈር ይጀምርና ቁፋሮው ወደ ላይ፣ ወደ ገባሮቹም ጭምር ይሄዳል። ከተቃናው በታች፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት ቦታ፣ የተቆፈረው ሁሉ ይወድቃል። በሌላ አነጋገር ከላይ የድልድይ እግር ይጋለጣል፣ ከታች አልጋው ይሞላል። ሚሲሲፒም ከተቃና በኋላ ጠመዝማዛውን መልሶ ለመሥራት ዳርቻውን ይበላ ስለነበር ዳርቻው በኮንክሪት ምንጣፍ እንዲለበስ ግድ ሆኗል።

ስለ ጋቢዮንም ልናገር፤ ብዙ ሲሠራና ሲወድቅ አይቻለሁ። ጋቢዮን የሚወድቀው ከፊቱ ተመትቶ አይደለም። ውሃ ግድግዳውን ሲያገኝ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ ከሥሩ አሸዋውን ይቦረቡራል፣ ከዚያ የሽቦው ሣጥን ወደ ወንዙ ይተኛል። በተለይ ከግንቡ ፊት ለፊት አሸዋ እየተዛቀ በሲኖትራክ የሚጫን ከሆነ በራሳችን ገንዘብ የሠራነውን በራሳችን አካፋ እየጣልነው ነው ማለት ነው። ቦርከና ላይ ይህ የሚደረግበት ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በሰኔ ተጀምሮ በሐምሌ የሚያልቅ ግንብ በነሐሴ ወንዙ ውስጥ ይገኛል።

እህቴ የቦርከና ጎረቤት፣ ጥያቄዎን አልዘለልኩትም። እኔ ብጠየቅ እንዲህ እል ነበር። ቤት ባለበት የወንዙ ውጫዊ እጥፋት ላይ፣ እዚያ ብቻ፣ መሠረቱ ከወንዙ ወለል በታች በጥልቀት የገባ ጋቢዮን ይሠራ። ከማዶ፣ ቤት በሌለበት በኩል፣ ምንም አይታጠር፤ ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ሆኖ ይቅር፣ ግጦሽና የጓሮ አትክልት እንጂ ቤት እንዳይሠራበት ይከልከል። ጠመዝማዛው አይነካ። ገንዘቡ ከዚህ ከተረፈ ከጋቢዮን ይልቅ ላይ፣ በደሴ ዙሪያና በገባሮቹ ራስጌ፣ ለቦረቦር ማሰሪያና ለእርከን ጥገና ይዋል። ወሎ ውስጥ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሥራ በሚሰጥ እህል ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ የጎደለው ጥገና ነው።

መልካ ወረር የነበርኩ

ኢንጅነር፣ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ያ ባዶ የሚቀረው ሜዳ የማን ነው? እኛ አሚባራ ላይ ስንሠራ «ባዶ መሬት» እየተባለ የተወሰደው መሬት ባዶ አልነበረም፤ ባለቤቱ በክረምት ሌላ ቦታ የሚሆን ሰው ነበር። ኮምቦልቻ ላይም ወንዙ የሚተኛበት ሜዳ በበጋ ሽንኩርትና ጎመን የሚያበቅል ሰው አለው። ቤት አትሥራ ሲባል የመሬቱ ዋጋ ይወድቃል። የሌላውን ሰፈር ለማዳን መሬቱ በጎርፍ የሚታጠብ ሰው ካሣ ካልተሰነደለት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እሱም በጨለማ ቤት ይሠራል፤ ከዚያ እሱም ግንብ ይጠይቃል። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ አዋሽ በአፋር ሞልቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲያፈናቅል፣ ውሃው ከሄደባቸው መንደሮች ብዙዎቹ ድሮ ወንዙ በየዓመቱ ይተኛበት የነበረ ሜዳ ላይ ነበሩ። ግድብ አለ ተብሎ ሰው ወደ ወንዙ ተጠግቶ ነበር።

የሃይድሮሊክስ ተማሪ

ጋሼ፣ ይህ በሚሲሲፒም የታየ ነው። ግንብ ሲሠራ ከኋላው ያለው መሬት ደህና ነው ተብሎ ይሞላል፤ ስለዚህ ጎርፍ የሚመጣበት ጊዜ ቢርቅም ሲመጣ የሚያጠፋው ንብረት በዝቶ ይጠብቀዋል።

ስለ ካሣው መልስ የለኝም። ስለ ግብፅ ግን ልጨምር፤ ከእኛ አፈር ጋር የተያያዘ ስለሆነ። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ እስከዚያ የሚደርሰው ደለል ከሞላ ጎደል ሁሉም በናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የዴልታው ጠረፍ በሮዜታ በኩል በባሕር ተበልቷል፣ ቀድሞ ጎርፍ የሚያዳብረው ማሳ በፋብሪካ ማዳበሪያ ይታረሳል፣ ከወንዙ አፍ ፊት ለፊት ይጠመድ የነበረው ሰርዲን ዓሣ ግድቡ ውሃ መያዝ በጀመረባቸው ዓመታት ወዲያው ወደቀ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ድርቅ ያልተራበችው ግን በዚያው ግድብ ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

የጨፋ ልጅ

ኢንጅነር ያቀረቡትን እኔም እቀበላለሁ፤ ጨፋ በሐሳቡ ውስጥ ከገባ። ለአንድ ከተማ ሰፈር ግንብ ሲነደፍ ረግረጉ በነፃ የሚሠራው ሥራ በሒሳቡ ውስጥ አይጻፍም፤ የተዘቀ ደለል በሜትር ኩብ ተቆጥሮ ይከፈልበታል፣ ረግረጉ የያዘው ደለል ግን ዋጋ የለውም። ቦዩን የሚያወጣው ገበሬ አጎቴ ነው፤ ተው ልለው አልችልም። በምትኩ የሚሰጠው ነገር ከላይኛው ከተማ በጀት መምጣት አለበት።

የቦርከና ጎረቤት

እሺ፤ ገብቶኛል። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ የማነሳው ምን እንደሆነ በአጭሩ ጻፉልኝ፤ እዚያ ስለ ሉዊዚያና ብናገር ይስቁብኛል።

ኢንጅነር ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ፣ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ግንብ ከመነደፉ በፊት የወንዙ ወለል ከፍታ በድልድዮቹ ሥር በግንቦትና በጥቅምት ይለካ፤ ወለሉ እየሞላ ነው ወይስ እየተቆፈረ ነው የሚለው የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው፣ ሥራውም ውድ አይደለም፣ ተማሪዎቹ ሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ይዘው ሊሠሩት ይችላሉ። ከግንቡ ፊት ለፊትና ከድልድይ አጠገብ አሸዋ ማውጣት ይታገድ። በንድፉ ላይ የሐርቡና የጨፋ ተወካይ ይፈርም። የመሠረቱን ጥልቀት ተቋራጩ አፈር ከመመለሱ በፊት ነዋሪው በሜትር ለክቶ ይቀበል፤ ከተሸፈነ በኋላ የሚያውቀው የለም።

የሃይድሮሊክስ ተማሪ

ሌቭሉን እኛ ከትምህርት ክፍላችን በውሰት እናመጣለን። የትኞቹን ድልድዮች እንለካ? የማይነቀል መነሻ ምልክት የሚሆን ኮንክሪት ያለው የትኛው ነው?